ጸጉራችንን ለማን እንሽጥ?

በደቡብ ሕንድ፣ ከሁብሊ ወደ ሂሬሃል በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ የፈተና ወረቀት የታጨቀበትን ሻንጣዬን ታቅፌ እያንጎላጀሁ ሳለ፣ “መምህር፣ እዚህ ቦታ ሰው አለ?” የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቀና ስል የጎረቤቴ የኮትራፓ የልጅ ልጅ ሱማንጋላ ቆማለች። ቻይና አገር ዊግ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ ከሄደች ወዲህ አይቻት አላውቅም ነበር። ከስታለች፤ ዓይኖቿ ግን እንደ ድሮው አንድ ቦታ አይቀመጡም።

“ቦታው የአንቺ ነው፤ እንኳን ደህና መጣሽ” ብዬ ሻንጣዬን ሳብኩላት። “ለዕረፍት ነው?”

“ለዘለቄታው ነው፣ መምህር። አጃን የማናግርበት ጉዳይ አለኝ። በስልክ የሚያልቅ አይደለም።”

በእኛ አካባቢ አያትም ሆነ የተከበረ ሽማግሌ “አጃ” ይባላል። ኮትራፓን ግን አገሩ ሁሉ አጃ የሚላቸው በዕድሜያቸው ብቻ አይደለም፤ ለሂሬሃል እንጀራ የከፈቱላት እሳቸው ናቸው። የእኛ ሴቶች ሲያበጥሩ የሚረግፈውን ጸጉር አይጥሉትም፤ ጠቅልለው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፉታል። በብስክሌት የሚዞረው ልዋጭ ደግሞ ኩባያ ወይም ሳህን ሰጥቶ ይሰበስበዋል። የተሰበሰበው ወደ ኮትራፓና ወደ ሌሎች ነጋዴዎች መጋዘን ይገባል። እዚያ ሴቶች ተቀምጠው የተተበተበውን በመርፌ ይፈቱታል፣ የብረት ጥርስ ባለው ሳንቃ ላይ ያበጥሩታል፣ በርዝመት በርዝመቱ ያስሩታል። ከዚያ ወደ ቻይና ተጭኖ ዊግ ይሆናል። ከከተማችን ሴቶች እኩሌታው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ሥራ ነው።

አውቶቡሳችን የባቡር ማቋረጫው ላይ ሲቆም፣ ከወዲያ በኩል ሴቶች የተጫኑበት ትራክተር ቆሞ ነበር። ድስት፣ ምንጣፍ፣ የሸንኮራ አገዳ መቁረጫ ማጭድ ይዘዋል። ከመካከላቸው አንዷ ቆማ እጇን እያወናጨፈች ጮኸች።

“አንቺ ልጅ! ሱማ! አሁን ነው የምትመጪው?”

ጋንጋቫ ነበረች። በኮትራፓ መጋዘን ከሁሉ በፊት የተቀጠረች፣ አዳዲሶቹን የምታሠለጥን፣ ሱማንጋላንም በሕፃንነቷ ጀርባዋ ላይ አዝላ የሠራች ሴት ናት።

ሱማንጋላ በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ፣ “ጋንጋቫ! የት ነው የምትሄዱት?” አለች።

“ወደ ቤላጋቪ፣ አገዳ ቆረጣ! አጃሽ መጋዘኑን ቆልፈውታል! እስኪ አንቺ ጠይቂያቸው፣ ጸጉሩን ሊቀቅሉት ነው ወይ?”

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር። ባቡሩ አልፎ ትራክተሩ ሲንቀሳቀስ ሱማንጋላ ወደ መቀመጫዋ ተመልሳ፣ እስክንደርስ ድረስ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች።

ኮትራፓ በረንዳቸው ላይ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፓን የሚባለውን ቅጠል ሲያኝኩ አገኘናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሲያዩ ተነሥተው አቀፏት፤ ግንባሯን ሳሙ፤ አሬራና የማሽላ ቂጣ እንዲመጣ አዘዙ። እኔም ልሂድ ብል እጄን ያዙኝ።

“አጃ፣ መጋዘኑ ለምንድነው የተቆለፈው?” አለች ሱማንጋላ።

“ቆይ እንጂ፣ ጉሮሮሽን እንኳ ሳታረጥቢ?”

“ጋንጋቫን መንገድ ላይ አገኘኋት። ትራክተር ላይ።”

ሽማግሌው ያኘኩትን ወደ ግቢው ተፉና አፋቸውን ጠረጉ። “ተቆልፏል። የጸጉር ነጋዴዎች ማኅበራችን በሙሉ ቆልፏል። ሐሳቡ የኔ ነው፣ አልክድም። ከእንግዲህ ከሂሬሃል አንዲት ዘለላ ጸጉር ወደዚያ አገር አትሄድም። እኛ ከስንጥቅ ውስጥ ለቅመን፣ ፈትተን፣ አበጥረን እንሰጣቸዋለን። እነሱ መረብ ላይ ይሰፉትና እኛ በሕልማችን በማናየው ዋጋ ይሸጡታል። ይባስ ብለው ዘንድሮ ‘ገበያ ቀዝቅዟል፣ ቀንሱ’ አሉን። እንዝጋባቸው! ሲቸግራቸው እዚህ በረንዳ ድረስ መጥተው ይለምኑናል። እስከዚያው እኛው ዊግ እንሠራለን።”

“ዊግ እንሥራ ያሉት ትክክል ነው። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው” አለች ሱማንጋላ በትሕትና። “እንዝጋ ያሉት ግን ያጠፋናል።”

“መምህር፣ ሰሙ? ሁለት ዓመት ሩዛቸውን በልታ መጥታ ትሟገትላቸዋለች። እርስዎ ይፍረዱን።”

“እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም” አልኩ።

“ታሪክ ያው የድሮ ሰዎች ጭቅጭቅ አይደል እንዴ? ይቀመጡና ይስሙ።”

ተቀመጥኩ። ሱማንጋላ ከአያቷ እግር አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“አጃ፣ ዊጉ የሚሰፋበት መረብ ከየት ይመጣል?”

“ይገዛል።”

“ከየት?”

“ከየትም!”

“እኔ የማውቀው ለዚህ የሚሆን ስስ መረብ በብዛት የሚሠራው እዚያው ነው። ጸጉሩ እርስ በርስ እንዳይተበተብ የሚነከርበትን ኬሚካል እነሱ ለምደውታል፤ እኛ አልለመድነውም። እያንዳንዷን ዘለላ መረብ ላይ መቋጠርም ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ የእጅ ትምህርት ነው። ዛሬ በሩን ከዘጋን ነገ ዊግ አይኖረንም። የሚኖረን የታጨቀ ጸጉርና አገዳ የሚቆርጡ ሴቶች ናቸው።”

“እንማራለን እንጂ! እነሱስ ከእናታቸው ሆድ ተምረው ወጡ?”

“አልወጡም። እነሱም ከሌላ ተምረው ነው። ግን የተማሩት ገዢውንም ሻጩንም ቤታቸው አስገብተው እንጂ በር ዘግተው አይደለም።”

ኮትራፓ ተነሥተው በረንዳው ላይ መመላለስ ጀመሩ። ሲናደዱ ልማዳቸው ነው።

“እሺ፤ ወደ ኪናል ሂጂ” አሉ ጣታቸውን ወደ መንደሩ አቅጣጫ እየቀሰሩ። “የአክስቴ ልጅ ከእንጨት አሻንጉሊት ይቀርጽ ነበር። አባቱም፣ የአባቱም አባት። ገበያ ላይ የእነሱ ፕላስቲክ መጣ፤ በዋጋ ማን ይችለዋል? መሮውን ሸጦ ዛሬ ባንጋሎር የሕንፃ ዘበኛ ነው። ያኔ በር ዘግተን ቢሆን ኖሮ ይኸን ያህል ይዋረድ ነበር? መልሺልኝ!”

እኔ ሱማንጋላ መልስ ታጣለች ብዬ ነበር። መጽሐፍ ያነበበ ወጣት ሁሉ የሚቸኩልበት ቦታ ላይ እሷ ታገሠች።

“እዚያ ተሸንፈናል፣ አጃ” አለች። “አልዋሽዎትም። ስለ ኪናል እኔም አለቅሳለሁ። ሁለት አገሮች አንድ ዓይነት ዕቃ ሠርተው አንድ ገበያ ላይ ሲገናኙ ይጋፋሉ፤ ትልቁ ትንሹን ይረግጠዋል። እዚያ ላይ አጥር ያስፈልጋል ካሉኝ አብሬዎት አጥራለሁ። ጸጉር ግን እንደ አሻንጉሊቱ አይደለም። እኛ ያለን እነሱ የላቸውም፤ እነሱ ያላቸው እኛ የለንም። የቢያዳጊ በርበሬያችንን ለማን እንሸጣለን? ከሌላው ገዢ ጋር እነሱም ይገዙናል። ሃይደራባድ ያለው መድኃኒት ፋብሪካ የመድኃኒቱን ዱቄት ከእነሱ ያመጣና ክኒኑን ለዓለም ይሸጣል። ክኒኑ ላይ ይፎካከራሉ፤ ዱቄቱ ላይ ይገበያያሉ። አንድ ሰው በአንድ እጁ እየተጋፋ በሌላው ሊለዋወጥ ይችላል። እኛ ግን ሁለቱንም እጅ ጨብጠን ቆመናል።”

“እኔ የምለው ሌላ ነው” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ስለነበር ፈራሁ። “አጎትሽ ቪሬሽ የት ነው ያለው?”

ሱማንጋላ አንገቷን ደፋች። የኮትራፓ የመጨረሻ ልጅ ወታደር ነው፤ በሰሜን በረዶማው ተራራ ላይ፣ ድንበሩን ከወዲያ ማዶ ከሚጠብቁት የቻይና ወታደሮች ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይኖራል።

“ልጄ በረዶ ላይ ቆሞ የእነሱን ፊት እያየ ያድራል። እኔ ደግሞ እዚህ ከእነሱ ጋር ሻይ ጠጥቼ ዋጋ ልከራከር? በምን ዓይኔ አየዋለሁ ሲመጣ?”

የመጣው ቂጣ ሳይቆረስ ቀዘቀዘ።

እኔ በዚያ ምሽት ወደ ቤቴ ስገባ ማን እውነት እንዳለው መለየት አቅቶኝ ነበር። ሁለቱም የሚወዱት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው። ከተማዋም እንደ እነሱ ተወዛግባ ነበር። ነጋዴዎቹ ሻይ ቤት ተሰብስበው ‘መቼ ነው የሚለምኑን?’ እየተባባሉ ይጠባበቃሉ፤ ልዋጮቹ ብስክሌታቸውን አቁመው ሌላ ሥራ ይጠያይቃሉ፤ የቀሩት ሴቶች ትራክተር መጣ አልመጣ እያሉ መንገዱን ያያሉ። ሲዘንብ የሰነበተው ዝናብም አላቋረጠም።

በማግስቱ ሱማንጋላ ቤቴ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

“መምህር፣ ያልነገርኳቸው አለ። የሠራሁበት ፋብሪካ ባለቤት ወይዘሮ ሊያንግ እየመጡ ነው። ነገ ይደርሳሉ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው።”

“ምን አደረግሽ ልጄ!” አልኩ ራሴን ይዤ። “ከበር ይመልሷቸዋል እኮ።”

“ለዚህ ነው እርስዎን የፈለግሁት። አብረውኝ ይንገሩልኝ።”

ሄድን፤ ነገርናቸው። ኮትራፓ እንደ ጠበቅነው ጮኹ። “ደጄን አትረግጥም!” አሉ፤ “ማን ጠርቷት? እኔ ሞቼ ነው አንቺ እንግዳ የምትጠሪው?” አሉ። በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸ። ቪሬሽ ነበር። ከተራራው መስመር በሚገኝበት ቀን ሁልጊዜ ይደውላል። አባትየው እንደ ተናደዱ ስልኩን አንሥተው ለልጃቸው ከሰሱ፦ “ስማ፣ የእህትህ ልጅ እነዚያን ቤቴ ልታስገባብኝ ነው!”

ድምፁ ከፍ ተደርጎ ስለነበር እኛም ሰማን።

“እነማንን ነው?”

“ጸጉር ገዢዎቹን ነዋ!”

“እና ምን ችግር አለው?”

“ምን ችግር አለው? አንተ እዚያ እየጠበቅህ?”

ከቪሬሽ ድምፅ ኋላ የተራራው ንፋስ ይሰማል። “አባባ፣ ድንበር መጠበቅ የኔ ሥራ ነው። ለሱ ደሞዝ ይከፈለኛል። የእርስዎ ሥራ ሂሬሃልን ማብላት ነው። የኔን ሥራ ለኔ ይተዉልኝ። ሚስቴ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? የጋንጋቫ ልጅ ትምህርት አቋርጣ አገዳ ልትቆርጥ ሄደች አለችኝ። እኔ እዚህ የቆምኩት ለዚያች ልጅ አይደለም እንዴ?”

መስመሩ ተቋረጠ። ኮትራፓ ስልኩን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እኛ ሳይዞሩ፣ “ሻይ ብቻ ነው የምሰጣት” አሉ። “ወሬ የለም። ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች።”

ወይዘሮ ሊያንግ በማግስቱ ጭቃ በለበሰ ታክሲ መጡ። አጠር ያሉ፣ ወፈር ያሉ፣ የጉልበት ሕመም ያለባቸው ሴት ናቸው፤ ከመኪናው ሲወርዱ የሱማንጋላን ትከሻ ይዘው ነው። ኮትራፓና እሳቸው ለሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተያዩም። ሻይ ቀረበ። ሱማንጋላ በመካከል ተቀምጣ ታስተረጉማለች።

“እንግዲህ መጥታ ዓይናችንን ልታይ ነው? ዋጋ ቀንሱ ያለችን እሷው አይደለችም?” አሉ ኮትራፓ።

ሱማንጋላ በዚያ ቋንቋ አንድ አጭር ነገር ተናገረች። ወይዘሮዋ ቅንድባቸውን አነሡና መለሱላት።

“ምን አለች?”

“‘አያትሽ ይህን ያህል ጮኸው ይህን ያህል ትንሽ ነገር አልተናገሩም፤ እንዳለ ተርጉሚው’ አሉ።”

ሳላስበው ሳቅሁ። በኮትራፓም ጢም ስር ፈገግታ ያለፈ መሰለኝ። “እንዳለ ተርጉሚላት። ሌቦች ናችሁ በያት።”

ተረጎመች። ወይዘሮ ሊያንግ ሻያቸውን አስቀምጠው በቁጣ መናገር ጀመሩ፤ ሱማንጋላ እየተከተለች ታወጣዋለች።

“‘ሌባ አይደለሁም። ዋጋ የቀነስኩት እኔም ስለተቀነሰብኝ ነው። ከፋብሪካዬ አጠገብ ያለው ጎረቤቴ ከፕላስቲክ ክር ጸጉር ይሠራል። ዱሮ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር፤ ዛሬ እኔ ራሴ ዳስሼ ካልሆነ አልለየውም። እናንተ መጋዘን ስትዘጉ የሚጨፍረው እሱ ነው። በየቀኑ ደንበኞቼን ይወስዳል። የእርስዎ ጠላት እኔ መስዬዎት ይሆናል፤ እኔንና እርስዎን አንድ ላይ የሚቀብረን ግን እሱ ነው’ አሉ።”

ኮትራፓ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ “ታዲያ ለምን እዚህ ድረስ መጣች? ልትቀብረኝ?” አሉ።

“‘ሠራተኛ አጥቼ ነው የመጣሁት’ ይላሉ። ‘የእኔ አገር ወጣቶች ተቀምጠው ዘለላ በዘለላ መቋጠር ሰልችቷቸዋል። ልጄ እንኳ መርፌ አልነካም ብላ ሄዳለች። መረብ አለኝ፣ ኬሚካል አለኝ፣ ገዢ አለኝ፤ እጅ የለኝም። ሱማንጋላ የእናንተ ሴቶች ጸጉር የሚፈቱበትን ትዕግሥት ነገረችኝ። የመቋጠሩን ሥራ እዚህ ለማምጣት ነው የመጣሁት።’”

“አሃ!” አሉ ኮትራፓ ወደኔ ዞረው። “ጸጉራችንን ወስዳ አልበቃት፣ አሁን ደግሞ እጃችንን!”

“አጃ” አለች ሱማንጋላ፤ አሁን በራሷ ድምፅ። “እጃችንን ብቻ ከወሰዱ እውነትዎን ነው፤ እኔም እቃወማለሁ። ግን እርስዎ ነጋዴ አይደሉ? ይደራደሩ እንጂ! አሠልጣኝ ይላኩ፣ ትምህርቱ ለሴቶቻችን ይቅር፣ ከምንሰፋው ውስጥ በሂሬሃል ስም የምንሸጠው ይኑረን። ሙምባይ ውስጥ ለሙሽራ ዊግ የሚፈልግ ሞልቷል፤ በበሽታ ጸጉሯን ያጣች ሴት ሞልታለች። አጭሩን ጸጉር እንደ ድሮው ይግዙን፣ ረጅሙን እዚህ እንሥራው። ያን ጊዜ ‘ዋጋ ቀንሱ’ ሲሉን የምንለው ይኖረናል። የሚፈሩት ያንን ነው እንጂ የተቆለፈ በር አይደለም።”

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። ጥፍራቸው የአልጋውን ገመድ ይቧጭራል። በመጨረሻ ተነሡ። “ረጅሙን ጸጉር ትየው መጀመሪያ። በማታውቀው ነገር አትደራደረኝም” ብለው ቁልፋቸውን ከወገባቸው ፈቱ።

ወደ መጋዘኑ ሄድን። በሩ ሲከፈት ያወጣው ሽታ ወደ ኋላ አስፈገፈገን። የእርጥብ ጨርቅ፣ የሻጋታ ሽታ ነው። ያለ ማቋረጥ የዘነበው ዝናብ በጣሪያው ስንጥቅ ገብቶ ወደ ጆንያዎቹ ወርዷል። ሴቶቹ ቢኖሩ ኖሮ ጆንያዎቹን ያገላብጡ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር። ኮትራፓ አንዱን ጆንያ ፈትተው እጃቸውን ሲከቱ ነጭ ሻጋታ የወረሰው ጭብጥ ጸጉር ይዘው ወጡ። የዓመት ልፋታቸው ነው። እንግዳ ፊት፣ ያውም ሌባ ያሏቸው እንግዳ ፊት፣ ቆመው ያንን ጭብጥ ያያሉ።

ወይዘሮ ሊያንግ ግን እንደ ጠበቅነው አፍንጫቸውን ይዘው አልወጡም። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እያስታመሙ ተንበረከኩና ጆንያ በጆንያ ይዳስሱ ጀመር። እየለዩ ወዲህና ወዲያ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ቀና ብለው በችኮላ ተናገሩ።

“‘ይሄኛው ሞቷል፤ ያኛው ይድናል’ አሉ” ስትል ተረጎመች ሱማንጋላ። “‘አሁኑኑ ታጥቦ በነፋስ ከደረቀ ይድናል። ከዘገየ ግን ሁሉም ይሄዳል። ሴቶቹ የት አሉ?’”

ኮትራፓ የያዙትን ጭብጥ ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት።

“መምህር” አሉኝ ቆይተው፣ “ወንድምዎ ጂፓቸውን ያውሱኛል?”

ኮትራፓና ወይዘሮ ሊያንግ በዚያው ምሽት በሱማንጋላ ሐሳብ ተስማሙ፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሦስታችን ሴቶቹን ፍለጋ ተነሣን። ቤላጋቪ ዙሪያ ያለው የአገዳ ማሳ ዳርቻ የለውም። ጠይቀን ጠይቀን የእኛዎቹን ያገኘናቸው ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው። ጋንጋቫ ማጭዷን እያወናጨፈች ትቆርጣለች፤ ልጇ ከኋላዋ ቅጠሉን ትመለምላለች። እጆቻቸው ተቧጭረዋል። ኮትራፓን ስታይ ቀና አለች፤ ማጭዷን ግን አላስቀመጠችም።

“አጃ! አገዳ ሊገዙ ነው?”

“አትቀልጂብኝ፣ ጋንጋቫ። ጸጉሩ እየሻገተ ነው። ኑ፣ እንሂድ።”

“ሻገተ?” ብላ ጎንበስ አለችና ቆረጣዋን ቀጠለች። “ቁልፉ ሲዞር ነግሬዎት አልነበረም? ‘እኛ ሳንኖር ጸጉር አይኖርም’ አላልኩም? እርስዎ ምን አሉኝ? ‘ስለ አገር ጉዳይ አንቺ ምን ታውቂያለሽ’ አሉኝ።”

“ብያለሁ” አሉ ኮትራፓ።

“እና አሁን አገር ምን ሆነ? ታረቀ?”

እኔ ወይም ሱማንጋላ ልንናገር ስንል ሽማግሌው በእጃቸው ከለከሉን። ወገባቸው ላይ ያገለደሙትን ዶቲ ሰብስበው እሾኻማው ቅጠል መሐል ገቡና አጠገቧ ቆሙ።

“ስሚኝ። አገር አልታረቀም። እኔም ከእነሱ ጋር አልታረቅሁም፤ ፕላስቲካቸው የአክስቴን ልጅ እንዳጠፋው አልረሳም። ግን በሩን ስዘጋ የቀጣሁ መስሎኝ የቀጣሁት አንቺን ነው። እነሱ ሌላ ክር አገኙ፤ አንቺ ሌላ ያገኘሽው ይሄን ማጭድ ነው። እነሱ መረቡ አላቸው፤ እኛ ጸጉሩና እጁ አለን። ብቻቸውን ቢቆሙ ፕላስቲክ ሠሪው ይበላቸዋል፤ ብቻችንን ብንቆም ሻጋታ ይበላናል። መቋጠሩን እናንተ ትማራላችሁ። አሠልጣኝ ትመጣለች። ከምትሰፉት በራሳችን ስም እንሸጣለን። ዋጋ ከቀነሱብን የራሳችን ዊግ ይኖረናል፤ እኛ ጸጉር ከከለከልን ደግሞ እነሱ መረብ ይከለክሉናል። እንዲህ ተያይዘን ስንቆም አንዱ ሌላውን እንደ ልቡ አይገፋም።”

ጋንጋቫ ማጭዷን አቆመች። “ይሄን ማን አስተማረዎት?”

“ይቺ ናት” አሉ ወደ ሱማንጋላ አመልክተው፤ ከዚያ ትንሽ አመንትተው፣ “ሻጋታውም አስተምሮኛል።”

“እሺ፤ የሚቀጥለው ዓመትስ? ደግሞ ተናድደው ሲቆልፉ? ከዚህ ወዲያ ልጄን ከትምህርት ቤት አላስወጣም፣ አጃ። እንድመለስ ከፈለጉ ማኅበሩ ስለ መጋዘን ሲመክር እኔም እቀመጣለሁ። በር ላይ አይደለም፤ ውስጥ፣ ወንበር ላይ። የመጋዘኑም ሁለተኛ ቁልፍ እኛ ዘንድ ይሁን።”

በሂሬሃል ታሪክ ሴት ሠራተኛ ማኅበሩ ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። የኮትራፓን ፊት አየሁ፤ እንደ ልማዳቸው የሚቆጡ መሰለኝ። ግን እዚያ የአገዳ ቅጠል መሐል መመላለሻ ቦታ አልነበራቸውም። ቆሙ፤ ተነፈሱ።

“ነጋዴዎቹ ይስቁብኛል።”

“ይሳቁ። አሁንም እየሳቁ አይደል?”

“ይሁን” አሉ።

“ይህን ትልም ሳልጨርስ አልሄድም። ሥራ ጥዬ የምሄድ ሴት አይደለሁም” አለችና እንደገና ጎንበስ አለች።

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ቅጠል መመልመል ጀመሩ፤ ያለ ልምድ፣ እየተቧጨሩ። ሴቶቹ ጮኸው ሳቁባቸው፤ ይህኛው ሳቅ ግን ደስ ይላል። እኔና ሱማንጋላም ገባን።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሂሬሃል ዛሬ ያለችበትን ልንገርህ። ከጸጉሩ ከፊሉ አልዳነም፤ ለዚያ ተለቅሶበታል። የዳነው ግን በጣሪያው፣ በግንቡ፣ በትምህርት ቤታችን አጥር ላይ ሳይቀር ተሰጥቶ ደርቋል። አሠልጣኟ መጥታ ሴቶቹ መቋጠር ተምረዋል፤ ቀድሞ የሚፈቱት ብቻ የነበሩት አሁን ሰፊዎች ናቸው፤ ገቢያቸውም አድጓል። የጋንጋቫ ልጅ ወደ ክፍሌ ተመልሳለች። አጭሩ ጸጉር እንደ ድሮው ወደ ቻይና ይሄዳል፤ ከረጅሙ ከፊሉ በከተማችን ስም ሙምባይና ባንጋሎር ይሸጣል። የወይዘሮ ሊያንግም ፋብሪካ አልተዘጋም። ሁለት ትልልቅ አገሮች ጎን ለጎን ሲኖሩ መጋፋታቸው አይቀርም፤ ብልህነቱ የት ላይ እንደሚጋፉና የት ላይ እንደሚደጋገፉ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው። ይህን ያልለየ በቁጣው የራሱን ሰው ያስርባል።

ሰላም ሆነ ብዬ ግን አላታልልህም። ባለፈው ሰሞን ወይዘሮ ሊያንግ ለግዢ መጥተው ነበር። ከኮትራፓ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስለ ዋጋ፣ ደግሞም ሁለቱም አንድ የዱባይ ደንበኛ ላይ ዓይናቸውን ጥለው ስለነበር ስለ እሱ፣ ድምፃቸው መንገድ ድረስ እስኪሰማ ተጨቃጨቁ። ሱማንጋላ ለመተርጎም እንኳ ጊዜ አልሰጧትም፤ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ይጮኻሉ። ልታስታርቃቸው ስትነሣ ጋንጋቫ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

“ተያቸው፣ ይጨቃጨቁ” አለች መርፌዋን ሳታቆም። “እኔ የምፈራው ዝም ያሉ ቀን ነው።”